ያልተላከ ዳቦ

ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ በወጣሁበት ምሽት ቤታችን ውስጥ ሁለት ድስት ተጥዶ ነበር። አንዱ በክርስቲያን እጅ የታረደ በግ፣ ሌላው በሙስሊም እጅ የታረደ። የእኔ እናት ክርስቲያን ነበረች። እሷ ስትሞት አባታችን የታናሽ ወንድሜን የሰይድን እናት አገባ፤ እሷ ሙስሊም ስለነበረች ሰይድ በእናቱ ሃይማኖት አደገ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ አንድ ምድጃ ሆነ፤ አንድም ቀን ጭልፋ አልተሳሳትንም። እናንተ እዚያ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የምጽፈው ለረሳነው ለእኛ ጭምር ነው።

ሾፌሩ መንገድ ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ሰይድ ሻንጣዬን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"አያ፣ አንተ ከሄድህ ማን ያስታርቀኛል?"

"ከማን ተጣልተህ?"

"ገና ነኝ። አንተን ተማምኜ ነበር ልጣላ ያሰብሁት።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰይድ እንዲህ ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ሳይተርበኝ ውሎ አያውቅም፤ ለስለስ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶልኝ አያውቅም። ከዚያ ግን ሰው እንዳይሰማ ተጠጋኝና፣ "ክፉ ነገር ቢመጣ በስልክ እንዳታረዳኝ፤ እኔም አላረዳህም" አለኝ።

"ሰው ይላካል" አልሁት።

በእኛ አገር መርዶ ከሩቅ አይጮኽም። ሁለት ሽማግሎች ጎህ ሲቀድ በር ላይ ይቆማሉ፤ እስከዚያ ድረስ "ትንሽ አሞት ተኝቷል" ይባላል። ይህን ሥራ እኔ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ።

ስለ ራሴ ላውራ፤ ሌላ የሚያወራልኝ ስለሌለ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ጠብ ሲነሳ፣ የተማረው ሁሉ ቁጭ ብሎ እያለ፣ "አሊጋዝን ጥሩ" ይባል ነበር። ደም የተቃቡ ቤቶችን በአንድ ማዕድ አስቀምጫለሁ። ዘዴውን ልንገራችሁ። ሽማግሌ ቃል ሲያመላልስ እንደተቀበለው አያደርስም። አንዱ "ያ ውሻ" ያለውን "ያ ወንድሜ ብሎሃል" ብሎ ያደርሳል። ያኛው "ወንድሜ ካለኝማ" ብሎ ይለዝባል። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ቃሉ እውነት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ይህ ዘዴ አንድም ቀን ከሽፎብኝ አያውቅም ነበር።

ልጄ ሰናይት ወረቀቴን ጨርሳ አሜሪካ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አስመጣችኝ። የሐይቅ ብርድ ጋቢ ያከብራል፤ የዚህ አገር ብርድ ጋቢ አያውቅም። ሰዉም ሊፍት ውስጥ ሲገባ ፊትህን ሳይሆን ከበሩ በላይ ያለውን ቁጥር ያያል። እኔ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት በሚቆረጥበት ቡዝ ሥራ ያዝሁ፤ እንግሊዝኛንም ከቲኬቱ ጀርባ ተማርሁ። መጀመሪያ የቻልሁት ዓረፍተ ነገር "ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም" የሚለው ነው። ሰናይት ኮሌጅ ገብታ የተማረችውን እኔ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ደረስሁበት ብላችሁ አታምኑኝም።

በሕንፃችን ውስጥ "ጉድ ሞርኒንግ" የሚለኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ኧርቪን የሚባል ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ አይሁዳዊ። ስሜን "አሊ" ብሎ ያሳጥረዋል። አንድ ቀን ስለ ማኅበራቸው አወራኝ። አይሁዶችና ዐረቦች በወር አንድ እሑድ አብረው ይበላሉ፣ ይነጋገራሉ፤ አንዱን ወር በእኛ ሕንፃ አዳራሽ፣ አንዱን ወር በባቡር በምንደርስባት በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በአቡ ሳሚር ዳቦ ቤት ጓሮ። አቡ ሳሚር ፍልስጤማዊ ነው፤ ስሜን ሲሰማ ሙስሊም መስዬው "ሐጂ" አለኝ። ክርስቲያን ነኝ ስለው "ይሁን፣ ሐጂ" አለ፤ በዚያው ቀረ።

ማኅበሩን የምትመራው ካረን የምትባል አስተማሪ የነበረች ሴት ናት። ኧርቪን ይዞኝ ስሄድ በሥጋው ነገር ተቸግራ አገኘኋት፤ የአይሁዱ ሌላ፣ የሙስሊሙ ሌላ፣ ዝርዝሯ ሁለት ገጽ ሆኗል። "አዲስ ድስት ግዙና የጾም አድርጉት" አልኋት። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ሠራሁ። ሁሉም በላ። ካረን ወራት የፈጀችበትን እኔ በአንድ ድስት ምስር ጨረስሁት፤ ዛሬም ስሜ በዚያ ይነሳል።

ለአዳራሹ ፎርም ልሞላ ወደ ሕንፃው ማኔጀር የሄድሁትም እኔ ነኝ።

"ኢቨንቱ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"እርቅ።"

"ፎርሙ ላይ እርቅ የለም። ቤርዝዴይ፣ ቤቢ ሻወር፣ ሚቲንግ።"

"ቤርዝዴይ በይው።"

"የማን?"

"ገና አልተወለደም።"

"እንግዲያው ቤቢ ሻወር ነው" ብላ ምልክት አደረገች።

ከዚያ እዚያ ማዶ፣ በእስራኤልና በፍልስጤም ምድር፣ ጦርነቱ ተነሳ።

አንድ ወር ሳይሞላ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። የቀሩትም ሲመጡ ካፖርታቸውን አላወልቅ አሉ። የኧርቪን እህት የልጅ ልጅ፣ ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት፣ እዚያ ተገደለ። ብዙም ሳይቆይ የአቡ ሳሚር እህት ከልጆቿ ጋር ቤታቸው ተደርምሶባቸው ሞቱ። በኧርቪን በር ሥር አንድ ሰው ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አስገባ፤ አሳየኝ፣ ነገር ግን አላስነበበኝም። የአቡ ሳሚር ዳቦ ቤት መስኮት ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ በፕላስተር ለጥፎት "ንፋስ ነው" አለኝ። ንፋስ መስታወት መሐል ላይ በቡጢ ልክ አይመታም።

ካረን እሑዱን ሰረዘች። ሁለቱ ወዳጆቼ በየቤታቸው ተዘጉ። አንዱ ለሌላው አንድ ቃል አልላከም። የሚጠይቁት ግን እኔን ነው። ኧርቪን ሊፍት ውስጥ፣ "እሱ ምንም አላለም?" አለኝ። አሌክሳንድሪያ ስሄድ አቡ ሳሚር ሊጡን እየጠፈጠፈ፣ "ያ የአንተ ሐኪም ምንም አላለም፣ ሐጂ?" አለኝ። ሁለት ሐዘንተኛ የአንዱን ቃል አንዱ እየጠበቀ ሲሰነብት፣ ከዚያ የሚወለደውን እኔ አገር ቤት አይቼዋለሁ። አንድ ሳምንት ከቆየ ጥርጥር ነው፤ አንድ ወር ከቆየ ጥላቻ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰውም።

ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ።

"ሰምቶ አልቅሷል" አልሁት አቡ ሳሚርን። "ነፍሳቸውን ይማር ብሎሃል።"

እጁ ሊጡ ላይ ቆመ። ስድስት ዳቦ ገዛሁ፤ ጦስኝ የተነሰነሰበት ነው፣ ሽታው የወሎን ተራራ የሚያስታውስ። "ለማን ነው ይህ ሁሉ?" ሲለኝ "ለልጄ" አልሁት። በባቡሩ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ ገና ለብ እንዳለ ነበር። ከነዳቦ ቤቱ ከረጢት ለኧርቪን ሰጠሁት።

"አቡ ሳሚር ስለ ልጁ ሰምቶ አልቅሷል። ይህን ስጠው ብሎኛል።"

ኧርቪን ከረጢቱን አቅፎ በሩ ላይ ቆመና፣ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ።

በዚያው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንደ ልማዱ ሰይድ ደወለ። ነገሩን በኩራት ነገርሁት።

"ዳቦውን ራስህ ገዛህ?" አለኝ።

"ገዛሁ።"

"አያ፣ እዚህ ቃል ስትገዛ ማንም አላየህም። ዳቦ ግን ባለቤት አለው። ያስይዝሃል።"

"ሞኝ፣ ገና ሁለቱን አብልቼ አሳይሃለሁ።"

"እሺ ጉረኛ። ቀን ስጠኝ፣ ከዚህ ሆኜ እስቅብሃለሁ።"

ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠፋ። በአገራችን መስመር መቋረጡን ሰማን፤ መንገዱም አይኬድም አሉ። ዓርብ አለፈ፣ ሌላም ዓርብ።

ዘዴዬ ግን ሠርቶ ነበር። ሁለቱም ለካረን በየፊናቸው ደውለው "እመጣለሁ" አሉ። ካረን ደስታዋን መያዝ አቃታት። ማኔጀሯ ግን ፎርሙን አየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

"ይህ ያ ቤቢ ሻወር ነው?"

"እሱው ነው።"

"አንድ ሰው ደውሎ እነማን እንደሚመጡ ጠይቆኛል። ስሙን ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው። ሴኩሪቲ ካልቀጠራችሁ አዳራሹን አልሰጥም።"

እሑድ ከቀትር በኋላ አንድ የሴኩሪቲ መኪና በራፉ ላይ ቆመ። ድስቴን ከፈትሁ። ኧርቪን ከረባት አስሮ መጣ። አቡ ሳሚር ከአሌክሳንድሪያ ዘግይቶ ደረሰ፤ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። ካረን የማኅበሩን ደንብ ከካርዶቿ አነበበች፤ ሰው ስለ ራሱ ብቻ ይናገር፣ "እኔ" ብሎ ይጀምር። በእኛ አገር "እኔ" ብሎ የሚጀምር ጉረኛ ነው እያልሁ ሳስብ ኧርቪን አፉን ከፈተ።

"እኔ አቡ ሳሚርን ስለ ዳቦው ማመስገን እፈልጋለሁ። ያን ሳምንት እህል አልቀመስሁም ነበር። ያንተን ዳቦ ግን በላሁ።"

አቡ ሳሚር ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"የትኛውን ዳቦ?"

ያን ጊዜ የምስሩ እንፋሎት ሳይቀር የቆመ መሰለኝ።

"ሐጂ፣ ስድስት ዳቦ ለልጄ ነው አላልኸኝም?"

"ብዬሃለሁ።"

"እንግዲያው አልላክህልኝም" አለ ኧርቪን።

"አንተስ?" አለ አቡ ሳሚር። "አላለቀስህም?"

ኧርቪን ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

የአገሬን ሥርዓት አስረዳኋቸው፤ ሽማግሌ ቃል ያለዝባል፣ የጎደለውን ይሞላል አልሁ። የቲኬት ጀርባ እንግሊዝኛዬ እስከዚያ ቀን ድረስ አጥሮኝ አያውቅም ነበር። ኧርቪን ከረባቱን አላላ።

"አሊ፣ እኔ ከቤቴ የወጣሁት አንድ ሰው ስላለቀሰልኝ ነው። ያ ሰው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አልሁ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

አቡ ሳሚር ተነሳ። "ላንተ እንዲህ ቢያደርጉህስ? ከሞተብህ ሰው ደጅ የፈጠራ ቃል ቢያመጡልህ?"

"እባርካቸዋለሁ" አልሁት፤ ራሴን ቀና አድርጌ ነው ያልሁት።

አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በኋላ በር ወጡ። ካረን ካርዶቿን ሰበሰበች። የሴኩሪቲው ሰው ብቻ አንድ ሳህን ምስር በላ፤ ወደደው።

ከዚያ ወዲህ ኧርቪን ሊፍት ውስጥ ሲያገኘኝ ቁጥሩን ያይ ጀመር። አሌክሳንድሪያ አልሄድሁም። ሰናይት፣ "አባዬ፣ ጀስት ሶሪ በላቸው" አለችኝ። "ሽማግሌ ሶሪ አይልም" አልኋት። "ኦኬ፣ ግን ያንተ ሽማግሎች እነሱ ናቸው" አለች። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም።

ባለፈው ሐሙስ የሰይድ ስልክ ጠራ። ያነሳው ግን ሰይድ አይደለም፤ ጎረቤታችን እንድሪስ ነው።

"አያ አሊጋዝ፣ እንደምን ነዎት? ሁሉ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ሰይድስ?"

"ደህና ነው። ትንሽ አሞት ተኝቷል።"

ከጀርባው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። አንዲት ሴት ልቅሶ ስትጀምር ሌላ ሰው "ዝም በይ" ሲላት ሰማሁ።

"ቀስቅሰውና አንድ ጊዜ ልስማው።"

"አሁን እንቅልፍ ወስዶታል። ሰላም ብሎዎታል። በጣም ናፍቀኸኛል፣ ካስቀየምሁህ ይቅር በለኝ፣ ለእኔ አባቴ ነህ በሉት ብሏል።"

ሰይድ ይህን ቃል በዕድሜው አልተናገረም። እንድሪስ "ያ ጉረኛ አልሞተም ወይ ብሏል" ቢለኝ ኖሮ እንዴት ባመንሁት። ቃሉ ግን ለስልሶ፣ ሞልቶ፣ አምሮ መጣልኝ። ሥራው የእኔ ነው፤ እንድሪስን ያስተማርሁትም እኔ ነኝ። እባርካቸዋለሁ ብዬ ነበር።

"ሲነሳ ይደውልልኝ በለው" አልሁት።

"እሺ፣ አያ" አለ። ድምፁ ተሰበረ።

ዓርብ ሰናይት ከቤቷ ኮል አድርጋ፣ "አባዬ፣ ነገ ጠዋት ቤት ነህ አይደል? የትም እንዳትሄድ" አለችኝ። ልጄ ቅዳሜ ቀን ከረፋዱ በፊት ተነስታ አታውቅም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። የሰናይት መኪና መጥቶ ቆመ። ከፊት ወንበር አቡ ሳሚር ወረደ፤ በደረቱ የዳቦ ቤቱን ከረጢት ታቅፏል። ከኋላ ኧርቪን፣ ከረባቱን አስሮ፤ ከሕንፃችን መቼ ወጥቶ ከእነሱ ጋር እንደተቀላቀለ አላወቅሁም። አቡ ሳሚር በረዶው እንዳያንሸራትተው ክንዱን ሰጠው፤ ኧርቪን ያዘው። ይህን ለማየት ስንት ወር ለፋሁ። አሁን ግን ምነው እንደተጣሉ በቀሩ አልሁ።

ሊፍቱ ሲነሳ ሰማሁት። ስልኬን አነሳሁና የሰይድን ቁጥር መታሁ። እየጠራ ነው። በሬ ተንኳኳ፤ ስልኩም እየጠራ ነበር፤ እኔም ገና ያነሳዋል እያልሁ ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆምሁ።