አባ የሰገዱልን ስግደት
ከፍቶኝ ከአልጋ ሳልወርድ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እማዬ ልታየኝ መጥታ አጠገቤ ስትቆም ጉልበቷ ቋ አለ። የንስሐ አባታችን የአባ ጉልበት ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ኮልፌ ቤታችን፣ እማዬ ድብርት ይዟት ወር ሙሉ ተኛች። ደልደል ያሉት አባ መጥተው፣ "አርባ ስግደት ስገጂ" አሏት።

"አልችልም አባ" አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

"እንግዲያው እኔ እሰግድልሻለሁ።"

ሰባተኛው ላይ ግንባራቸው መሬት እንደነካ እዚያው ቀሩ። "ኧረ ወለተ ማርያም፣ ጉልበቴን!"

ብጎትታቸው ንቅንቅ የለም። እማዬ ከነብርድ ልብሷ ዘላ ወርዳ አነሳቻቸው። እያለከለኩ፣ "አየሽ፣ ሰው ብቻውን አይነሳም" አሏት። እኔ ስለ ውፍረታቸው የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

አሁን እማዬ አልጋዬ አጠገብ ቆማ ነጠላዋን አጣፋች። "ትነሻለሽ ወይስ ልስገድልሽ?"

በዚያ ጉልበቷ! ዘልዬ ወረድኩ።