በሳፋ የዘፈዘፍነው ደብተር

ልጅ እያለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ከቤት ከወጣ ማንበብ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ከክፍለ ሀገር የሚመጣውን ደብዳቤም፣ የቀበሌውን ማስታወቂያም አንባቢዋ እኔ፣ የአምስተኛ ክፍሏ ተማሪ ነኝ፤ ታዲያ ጉራዬ አይጣል ነበር። ገርጂ ያኔ እርሻ ነው። ከደጃችን የእርጥብ ጭቃና የከብት ሽታ አይጠፋም፤ ቦሌ አውሮፕላን ሲነሳ ደግሞ ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል።

ጌታቸው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ይማር ነበር፤ እሱም ቁጥር የሌለበት ሒሳብ። አንድ ቀን አስቀምጦ ርቀት ሕግ እንዳለው ነገረኝ። ከእኛ ቤት ጉርድ ሾላ፣ ከጉርድ ሾላም እኛ ቤት እኩል ነው። ርቀቱ ዜሮ የሚሆነው እዚያው አንድ ቦታ ላይ ከሆንሽ ብቻ ነው። በሌላ ቦታ ዞረሽ ብትሄጂ ደግሞ መንገዱ አያጥርልሽም። እነዚህን ያሟላ ነገር ሁሉ፣ በሜትር ባይለካም፣ ርቀት ሊባል ይችላል አለኝ። ይሄንንማ የጎረቤታችን አህያም ታውቀዋለች ስለው በሳቅ ፈረሰ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ በእውነት ገርሞኝ ነበር።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። በዚያ ዘመን ወረቀት ሰው ያስገድል ነበር። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እየሮጠች መጥታ አሰሳው ከወንዙ ማዶ መድረሱን ነገረችን። ጌታቸው የለም። እማዬ የእሱን ሳጥን ከአልጋው ሥር ጎተተችና፣ «ክፉ ክፉውን ለይልኝ፣ ልጄ» አለችኝ። የታተመውን መጽሐፍ ደህና ነው ብዬ አስቀመጥኩ፤ የመንግሥት ጋዜጣውንም እንዲሁ። ከሥር ግን ስም ያልተጻፈበት ወፍራም ደብተር ወጣ። ስገልጠው ክው አልኩ። ገጹ ሁሉ ዙሪያቸው በነጠብጣብ የተሠራ ክቦች ነው፤ ውስጣቸው ነጥብ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አልገባኝም። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ግን ነጠብጣብ የአገር ድንበር መሆኑን ተምሬአለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው።

«ካርታ ነው» አልኳት።

የእማዬ ፊት አመድ መሰለ። እንዳታቃጥለው ጭሱ ይጣራል። በዚያን ጊዜ ብዙ እናት እንዳደረገችው ቀዳደደችና በሳፋ ውሃ ዘፈዘፈችው፤ ሁለታችንም እንደ ሊጥ አቦካነው። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ደፍተነው ገና እጃችንን ሳናደርቅ አሳሾቹ ገቡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የጤፉን ጆንያ በተኑ፣ ምንም አጥተው ሄዱ። እማዬ ግንባሬን እየሳመች ያስተማረሽ ይባረክ አለችኝ። እኔም እስከ ማታ ግቢው ውስጥ እየተንጎራደድኩ ዋልኩ።

ጌታቸው ሲመጣ ምስጋና ጠብቄ ነገርኩት። መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ደብተሩ የእሱ አልነበረም። አስተማሪው ጋሽ ሙሉጌታ ሊታሰሩ ሰሞን፣ እስክመለስ ያዝልኝ ብለው የሰጡት አደራ ነው። አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። ግን ከዚያ በኋላ ሒሳብ አላስተማረኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። የከሳ፣ ፀጉሩ ያለቀ ሰውዬ ቆሟል። ስማቸውን ሲነግሩኝ የደብተሩ ባለቤት መሆናቸውን አወቅሁ። ጌታቸው ክፍለ ሀገር ተመድቦ ስለነበር መናገሩ ለእኔ ወደቀ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

 ጋሽ ሙሉጌታ እንጨት አንስተው መሬቱ ላይ በነጠብጣብ ክብ ሠሩ። ነጠብጣቡ ጠርዙ አይቆጠርም ማለት ነው አሉኝ። ስለዚህ ውስጥ ያለች ነጥብ ሁሉ፣ ጠርዙን የቱንም ያህል ብትጠጋ፣ በዙሪያዋ ትንሽ ቦታ አላት፤ ክፍት የምንለው ለዚህ ነው። «ደብተሩ ግን ከመጽሐፍ የገለበጥኩት የክፍል ማስታወሻ ነው። አንቺ ወንድምሽን ነው ያተረፍሽው» አሉኝ። ምሳ በልተው፣ መርቀውን ሄዱ። ሸክሜ ሁሉ ወረደልኝ። ከዚያ ወዲህ በየሰርጉና በየማኅበሩ ይሄን ታሪክ እያሳቅሁ አወራሁት።

አምና ጋሽ ሙሉጌታ አረፉ። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ያንኑ ታሪክ ስጀምር ጌታቸው ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። ደብተሩ የክፍል ማስታወሻ አልነበረም አለኝ። የስድስት ዓመት የራሳቸው ሥራ ነው። ከእስር ወጥተው ደጋግመው ሊጽፉት ሞክረዋል፤ መካከሉ አልመጣላቸውም። «እኔ በሕይወት እያለሁ ለእህትህ እንዳትነግራት» ብለው አስምለውት ነበር።  ስንት ዓመት ሰው ያሳቅሁት በምን ላይ ኖሯል!

ዛሬ ልጄ ስልኳ ላይ የነበረ ፎቶ ሲጠፋባት ሁለት ቀን አታናግረንም። አልፈርድባትም፤ እኔም ከእሷ አልሻልም። እኚያ ሰው ግን ስድስት ዓመታቸው በሳፋ መሟሟቱን በሰሙበት ቅጽበት የተጨነቁት ለእኔ እንቅልፍ ነበር። የዚያን ቀን ምሳቸውን ሲጎርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እማዬ እስር ቤቱ ያደከማቸው መስሏት ወጥ ጨመረችላቸው።