ከኦቦ በዳሶ ማሳ በታች ያለው ሸለቆ

ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ አሽቶ ገና ያልታጨደበት፣ የጭላሎ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚለብስበት ጊዜ። እናንተ አደን ሲባል የሚታያችሁ ጠመንጃው ነው። ዋናው ግን ዱካ ማንበብ ነው፤ ዱካ ደግሞ እንደ አገሩ ነው። ኦጎልቾ ቆላው ላይ ከግራር ሥር የማየውን ኮቴ እዚህ ደጋ ላይ አላገኘውም። ከዚህም ወደ ላይ፣ አስታና ጅብራ የሚበቅሉበት ድረስ ስትወጡ የሚኖረው ሌላ ፍጥረት ነው። በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ አላህ ስንት ዓይነት ነፍስ እንዳስቀመጠ የሚያውቀው፣ መሬት መሬት እያየ የሄደ ሰው ነው።

በዚያ ዓመት የዱር አሳማ መከራችንን አበላን። ድንቹን ይቆፍራል፣ ገብሱን ይጥላል። ከወረዳው ፈቃድ ተሰጥቶን ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃዬን ይዤ፣ የሚስቴ ወንድም ጀማል ጦር ይዞ፣ መንገድ ሊመሩን ደግሞ ጎረቤታችን ኦቦ በዳሶ። በዕድሜ ይበልጡናል፤ ጫካውም ከማሳቸው ሥር ነው የሚጀምረው።

ከመነሻው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ኦቦ በዳሶ ውሻቸውን ቤት አስረው መጡ። አሳማ ሊያድን የሚወጣ ሰው ውሻውን ቤት ይተዋል? ስጠይቃቸው «ታሟል» አሉ። ውሻው ግን ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮህ ነበር።

ዱካውን ከጀማል ማሳ ያዝን። ዘንቦ ስላደረ ኮቴው ጭቃው ላይ ቁልጭ ብሏል። ተከትለነው ኦቦ በዳሶ ማሳ ዳር ስንደርስ፣ አሳማዎቹ ቆመው መሬቱን አተራምሰው ዞረው ሄደዋል። አንድ ዘለላ አልነኩም።

ጀማል ጠጋ አለኝ። «የእሳቸውን ለምን አይበሉም? ሰውየው የሆነ ነገር አስደርገዋል።»

ሰፈሩም የሚያማቸው በዚሁ ነበር። እኔ በድግምት አላምንም፤ ግን ከማሳው ዳር የሆነ ነገር ተጎትቶ ወደ ሸለቆው የወረደበት መስመር አየሁ። ኦቦ በዳሶ ደግሞ ላዩ ላይ ቆመው ቀስ እያሉ በቦት ጫማቸው ያጠፉታል።

«ዱካው ወደ ላይ ነው» አሉ።

«ወደ ታችስ?»

«ታች ውሃ ብቻ ነው።»

የተጎተተው ምንድን ነው? ማን ጎተተው? ክፉ ክፉው መጣብኝ። «እንግዲያው ውሃውን እንይ፤ እርስዎ ከፊት ይምሩን» አልኳቸው። ከኋላዬ እንዲሆኑ አልፈለግኩም።

ሸለቆው ውስጥ ጉሙ ከብዷል። ጉሬዛ የሚንጫጫበት ቦታ ጭር ብሏል። ትንሽ ስንወርድ የበሰበሰ ሥጋ ሸተተኝ። ቀና ስል ኮሶ ዛፍ ላይ፣ በሁለት ቅርንጫፍ መሀል፣ በግማሽ የተበላ አሳማ ተንጠልጥሏል። እግሬ ሥር የጥፍር ምልክት የሌለው ክብ ዱካ አለ፤ ውሃ ገና እየሞላው ነው።

«ቄራንሳ» አሉ ኦቦ በዳሶ በኦሮምኛ፤ ነብር ማለታቸው ነው። በጣታቸው ወደ ፊት ጠቆሙን።

እሷ ከፊታችን ከቁጥቋጦው ሥር ተኝታ ነበር፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ። ከኋላዋ ቀጭን የግልገል ድምፅ ተሰማ። ጀማል ጦሩን አነሳ። ኦቦ በዳሶ ከፊቱ ገቡና «ተው፣ ልጆች አሏት» አሉት። ያኔ ነው የተወረወረችው። ጭቃው ሱሪዬ ላይ እስኪረጭ ቀርባ ቆመች። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር። ያልተኮስኩት ጎብዤ እንዳይመስላችሁ፤ አፈሙዜ ፊት የኦቦ በዳሶ ጀርባ ነበር።

ፊታችንን ሳናዞር ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመርን። ጀማል አዳለጠውና ወደቀ። እሱን አይታ መጣች። ኦቦ በዳሶ የደረቡትን ብርድ ልብስ ፊቷ ላይ ወረወሩባት፤ ብርድ ልብሱንም ክንዳቸውንም ቧጥጣ ተመልሳ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች።

ሜዳው ላይ ወጥተን ክንዳቸውን በሻሼ ሳስር ጀማል «ያውቁ ነበር» አላቸው።

«ከበልግ ጀምሮ። ፍየሎቼንም በልታለች። ዝም አልኩ። ውሻውንም ያሰርኩት ወደ እሷ እንዳይመራችሁ ነው።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«እንደ በፊቱ መርዝ ልታኖሩላት?»

እውነታቸውን ነው። የበፊቱ ነብር በከብት ጥንብ ላይ በተነሰነሰ መርዝ ነው የሞተው። ከጥንቡ የበላው ጅቡም አሞራውም አብሮ አለቀ። አሳማው የበዛብን ከዚያ ወዲህ ነው፤ እኛ ግን ሁለቱን አገናኝተን አናውቅም ነበር።

«ስለዚህ እሷ የእርስዎን ስትጠብቅ አሳማው የእኛን ይብላ?» አለ ጀማል።

ኦቦ በዳሶ የታሰረ ክንዳቸውን ደግፈው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ለነብሯ ያዘኑላት ፍጥረት ስለሆነች ነው ወይስ ለገብሳቸው ብለው? እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷ ግን ደንታ የላትም፤ ሥራዋን ትሠራለች።

ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ያየሁትን ነገርኩ፤ መርዝ የሚባል ነገር እንዳይደገምም ለመንኩ። ገሚሱ ሰማኝ፤ ገሚሱ «ከበዳሶ ጋር ተማክሮ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ባነሳሁ ቁጥር ራሴን እጠይቃለሁ፦ ይሄ ከሄደ በቦታው ማን ይመጣል?

ጀማል አሁን ገብሱን ሌሊት ይጠብቃል። አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ ኦቦ በዳሶን ጠጋ አለና «ደህና ናት?» አላቸው።

ኦቦ በዳሶ ግራ ቀኙን አዩ።

«ማን?» አሉት።