ለፍሬን ዋስ ነበርኩ

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሽው ባለኝ ቁጥር ልቤ ከደረቴ ወርዳ ጉልበቴ ውስጥ ትመታለች። ቢሆንም እውነቱ ይነገር፤ በሰባት ዓመቴ በመላው ወሎ እኔን የሚያህል ጀግና አልነበረም፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ካልተቀመጥኩ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከባድ መኪና ንቅንቅ አይልም ነበር። እርግጥ ጀግናውን ወደ ጋቢናው የሚያስገቡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እጄን፣ ሌላው እግሬን ይዞ።

አባቴ እንድሪስ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራበት ጋራዥ ነበረው። ሸራውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ ሸራው የሚያርፍበትን የብረት ከበሮ፣ ታምቡሩን፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን እየሰማ ነበር የሚሠራው። ይህንን ሁሉ አባቴ ያስተማረው ሁሴን የሚባል ሠራተኛ አንድ ቀን ተመራርቆ ወጣና፣ መንገዱን ተሻግሮ ልክ ከፊት ለፊታችን የራሱን ጋራዥ ከፈተ። እጁ ያው የአባቴ እጅ፣ ጆሮውም ያው የአባቴ ጆሮ፣ ዋጋው ግን ከእኛ ቀነስ ያለ። ደንበኛው አንድ በአንድ መንገዱን ሲሻገር አባቴ ሲያይ ሰነበተና፣ በመጨረሻ ሁሴን ይዞት ሊሄድ ያልቻለው አንድ ነገር ትዝ አለው። ሁሴን ልጅ አልነበረውም።

«እኔ ፍሬኑን በሠራሁት መኪና ልጄ ይሳፈራል» አላቸው ሾፌሮቹን፤ «የፈለገ ይምጣ።»

መጡ። በጋውን ሙሉ ፍሬኑ ተሠርቶ ያለቀ መኪና ሁሉ እኔን ይዞ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ይወርድ ነበር፤ ኮምቦልቻ ስንደርስም ሾፌሩ ለሚኒባስ ረዳት አደራ ሰጥቶኝ ወደ ደሴ እመለስ ነበር። ሐረጎ ላይ መንገዱ ከመጠማዘዙ የተነሣ የገዛ መኪናችንን የኋላ ታርጋ ማንበብ ይቻላል፤ ገደሉም ወላሂ፣ በበጋ የለቀቁት ድንጋይ ታች የሚደርሰው ክረምት ሲገባ ነው። እኔ የበሩን እጀታ አንቄ ይዤ የማውቃትን አንዲት ፋቲሓ እየደጋገምኩ ስንቀጠቀጥ፣ ሾፌሮቹ «አብሽር፣ አባትህ ነው እኮ የሠራው» ይሉኝ ነበር። የሚያስፈራኝም እሱ ነበር፤ አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤቱን ሙሉ ሲፈልገው የሚውል ሰው ነበር።

«እንድሪስ፣ ሙያህ ያለው በእጅህ ነው ወይስ በልጄ ነፍስ?» ትለው ነበር እናቴ፣ እሱም ስኳር የሌለውን ሻይ ያማስል ነበር።

በልግ ሲገባና ጉሙ ሐረጎን ሲውጠው ሁሴንም መላ አገኘ፤ እናቱን እማማ ከድጃን ጋቢና ውስጥ አስቀመጠ። እማማ ከድጃ ኮምቦልቻ እህት ነበረቻቸውና በነጻ እየወረዱ ስለሚጠይቋት ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። መኪኖቻችን ጎን ለጎን ሲቆሙ በመስኮት ብቅ ብለው «አንተ የእንድሪስ ልጅ፣ ዛሬም ታለቅሳለህ?» ይሉኝ ነበር። አለቅስ ነበር።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ዶፍ እየወረደ አባቴ እህል የጫነ ባለተሳቢ መኪና የኋላ ጎማ ፈታ፣ ገጠመ፣ ደግሞ ፈታ፣ ታምቡሩን መታ አድርጎ ሰማ፣ ደግሞ ገጠመ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣

«ዛሬ ልጁ አይሄድም፤ ዝናብ ነው» አለ።

ሾፌሩ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። «ጋሽ እንድሪስ፣ እኔም እኮ የሰው ልጅ ነኝ።»

ከጣሪያችን ሥር የተጠለሉት ሾፌሮች ወደ አባቴ ዞሩ፤ ሁሴንም ከማዶ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። አባቴ እኔን ካስቀረ እስከ ማታ አንድ ደንበኛ እንደማይተርፈው፣ ከሰደደኝ ደግሞ እኔ እንደማልተርፍ በዚያ ዕድሜዬ እንኳ ገብቶኝ ነበር። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። አባት ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ከሐረጎ ገደል ሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ያ ከንፈር ነበር።

እጁ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ በቃ፣ ተሳፈር ሊለኝ ነው ብዬ ሱሪውን ጨምድጄ ያዝኩ። እሱ ግን ወደ ጎን ገፋ አድርጎኝ ዝናቡ ውስጥ ገባና፣

«ሁሴን፣ ና እስቲ ይህን ታምቡር ስማልኝ። ጆሮዬን አላመንኩትም» አለ።

ሁሴን ጋቢውን አናቱ ላይ ጥሎ ቀስ ብሎ ተሻገረ። በመዶሻው መታ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ደግሞ መታ።

«ጋሼ፣ ይህ ተሰንጥቋል። ከውስጥ ነው፣ በዓይን አይታይም።»

«እኔም እንዲያ መስሎኝ ነው» አለ አባቴ፤ ታምቡሩ ሳይቀየር መኪናው ከግቢ እንደማይወጣም ለሾፌሩ ነገረው። ሾፌሩ አባቴንም ዝናቡንም ሰደበ፤ ዕቃው እስኪገኝ ግን እኛ ቤት አደረ፣ የእናቴን ሽሮም ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ከዚያ ወዲህ የተጠራጠሩትን ታምቡር አንዱ ወደ ሌላው እያሻገሩ ያሰሙ ጀመር፤ ሾፌሮችም የሁለቱን ቃል ከሰሙ ሌላ ዋስ አይጠይቁም ነበር። እኔና እማማ ከድጃ ጡረታ ወጣን። እሳቸው «ከእህቴ ለያዩኝ» እያሉ እስከ መስከረም አኮረፉ።

ዛሬ ጋራዡ የእኔ ነው። መፈተሻ ማሽን አለኝ፣ ማኅተም ያረፈበት የዋስትና ወረቀት እሰጣለሁ፣ ወጣቶቹ ሾፌሮች በስልክ ዋጋ ጠይቀው ይመጣሉ፤ ማን ይሳፈራል ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ ጉዴ ይፈላ ነበር፤ እኔ ፍሬኑን በሠራሁት መኪና አንድም ቀን ሐረጎን ወርጄ አላውቅም። መንጃ ፈቃድ የለኝም። ዕቃ ላመጣ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ መሃል እቀመጥና ዓይኔን ጨፍኜ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እጅ እይዛለሁ፤ ማንም ይሁን።