ድምፁ የጠፋው የኪኒ ፊልም

ኡናይሲ ሱቫ ከተማ ውስጥ የሰው ሠርግና የሰው ቀብር እየቀረጸች ነው የኖረችው። ማን መቼ እንደሚያለቅስ ቀድማ ታውቃለች፤ ሬሳው ከቤት ሲወጣ ሴቶቹ፣ አፈሩ ሲመለስ ወንዶቹ። ካሜራዋን ቀድማ እዚያ ትደግናለች። የታላቅ እህቷ የኪኒ ቀብር ላይ ግን ካሜራም አልያዘች፣ እንባም አልመጣላት። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስትሰማ ዋለች።

ኪኒ ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና የኖረች ናት። ናውሶሪ ገበያ አጠገብ ፀጉር ቤት ነበራት። ቅዳሜ ቅዳሜ የአካባቢው ሴት ሁሉ እዚያ ይሰለፋል፤ ግማሹ ለፀጉሩ፣ ግማሹ ለኪኒ ወሬ። የደንጊ ትኩሳት ሳይታሰብ አጣድፎ ወሰዳት። አባቷ ሲሬሊ፣ ሬዋ ወንዝ ዳር ባለ መንደር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ልጃቸው ሴት ነኝ ካለች ጀምሮ አነጋግረዋት አያውቁም። ሬሳው ግን ወደ መንደር ይምጣ አሉ። መጣ። ረጅም ፀጉሯን አስቆረጡት፣ የወንድ ሸሚዝና ኮት አስለበሷት፣ ሰባኪውም በድሮ ስሟ ኪኒቪሊያሜ እያለ ጸለየላት። ኡናይሲን የጠየቃት ሰው የለም። የተቆረጠው ፀጉር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲወጣ አየች፤ ከዚያ ሻይ እንድትቀዳ ተጠራች፣ ቀዳች።

ወደ ሱቫ ስትመለስ ኮምፒውተሯን ከፈተችና የኪኒን ፊልም መቁረጥና መገጣጠም ጀመረች። ፊልሙን አብረው ነበር የጀመሩት፤ ኪኒ ታዛለች፣ ኡናይሲ ትቀርጻለች። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ኪኒ ስትሠራና ስታወራ የሚያሳይ አጭር ፊልም ነው። ኡናይሲ አንዷን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ታሰማለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ እንደገና ታሰማለች። የእህቷ ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው ይውላል፤ እሷ ግን የሌላ ሰው ሠርግ ቪዲዮ የምታዘጋጅ ነበር የሚመስላት።

ሱቫ ውስጥ ሴቶችና እንደ ኪኒ ያሉ ሰዎች የሠሯቸው ፊልሞች ብቻ የሚታዩበት ፌስቲቫል አለ። የምታዘጋጀው ሎሳና የምትባል፣ ስትስቅ ወንበር የምታነቃንቅ ሴት ናት። የኪኒ ፊልም እዚያ ሊታይ ታስቦ ነበርና ለኡናይሲ ደወለች።

«ኡና፣ እህቴ፣ ፊልሙን እንተወው ካልሽ እንተወዋለን። ማንም ቅር አይለውም።»

«አልቋል፤ ይታይ።»

«እንቅልፍ ትተኛለሽ ግን?»

«እተኛለሁ» አለች። እውነቷን ነው። እንደ ድንጋይ ነበር የምትተኛው።

የፊልሙ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። የኪኒ ደንበኞች ከናውሶሪ አውቶቡስ ሞልተው መጥተዋል። የኪኒ ጓደኞችም ጆሯቸው ላይ አበባ ሰክተው፣ እንደ በቀቀን ደምቀው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከኪኒ ጋር ትሠራ የነበረችው ቲቲሊያ ኡናይሲን ስታይ ተነሣች።

«ውይ አንቺ! በዚህ ፀጉርሽ ነው የመጣሽው? ኪኒ ብታይሽ በሩን ነበር የምትዘጋብሽ!»

«አዎ» አለች ኡናይሲ።

ቲቲሊያ ሳቋን ዋጠች፤ ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

መብራቱ ሊጠፋ ሲል ኡናይሲ ዞር አለች። አባቷ ከኋላ በሩ ሥር ቆመዋል። ለእሁድ የሚለብሱትን ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ክራቫታቸውን አስረዋል፣ ጃንጥላቸው ወለሉ ላይ ያንጠባጥባል። ማንም አልጠራቸውም፤ ስለ ፊልሙ በሬዲዮ ሲነገር ሰምተው ነው። አየቻቸው፣ አዩዋት። ፊቷን ወደ ፊት መለሰች።

ፊልሙ ተጀመረ። ኪኒ በትልቁ መጣች፤ ፎጣ አራገፈች፣ ወደ ካሜራው ዞራ አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። ከላይ ፊልሙን የሚያጫውተው ሠራተኛ ገመድ ይነቅላል፣ ይሰካል፤ ኪኒ እዚያ ትልቁ ሸራ ላይ እጇን እያወናጨፈች ድዳ ሆና ቀረች። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሎሳና ጎንበስ ብላ መጣች።

«ኡና፣ ይቅርታ፣ እናቁመው?»

ኡናይሲ ለምን እንደተነሣች ኋላም አላወቀችም። ተነሣችና ሸራው አጠገብ ቆመች።

«ከመጀመሪያው አስጀምሩት» አለች።

እንደገና ተጀመረ። የኪኒ አፍ ሲከፈት ኡናይሲ ተናገረች። ቃሉን ሁሉ፣ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ እንኳ ታውቀዋለች። ድምፅዋ ግን የኪኒ አልነበረም። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደምታነብ ሴት፣ ዝርግ አድርጋ ነው ያለችው።

«ፀጉርሽን አስተካክልልሻለሁ የኔ እናት። ባልሽን ግን ሌላ ቦታ ውሰጅው።»

የናውሶሪ ሴቶች በሳቅ ፈነዱ።

«ሰባኪው ስለ ኀጢአት ሲናገር ወደ እኔ ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ የሚስቱን ፀጉር አያለሁ። ቅዳሜ ማን እንዳሳመረላት እሱም ያውቃል።»

ቲቲሊያ እያለቀሰች ትስቃለች። ኡናይሲ ሁሉንም ታያለች፣ ከመስታወት በስተጀርባ እንዳለ ነገር።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ አፍ ብቻ አይቶ ማን ያውቃል? ሸራው ላይ ኪኒ መቀሷን አስቀመጠች። ኡናይሲ ቀጠለች።

«አባቴ ሌላ ሰው ጋ ነው የሚቆረጡት። ከጆሯቸው በስተኋላ ሁሌ ትንሽ ፀጉር ይረሳል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላቸው እቀመጥና ያቺን ፀጉር አያለሁ፤ እጄን ይበላኛል። ባህል ነው፣ የአባት ራስ አይነካም ይሉኛል። ያ የሚቆርጣቸው ሰውዬ በምኑ ነው የሚነካው ታዲያ? አንድ ቀን ቢመጡ ምንም አልላቸውም። ፎጣውን አስሬ እቆርጥላቸዋለሁ።»

ማንም ወደ ኋላ አልዞረም፤ ማን እንደቆመ የሚያውቅ አልነበረማ። ፊልሙ አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ ሎሳና አቅፋ ጨመቀቻት። ኡናይሲ ውኃ ጠጣች።

አባቷ ውጭ ታዛው ሥር ጠበቋት።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ።

«ምኑ ታታ?» አለች፤ አባቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

«የሚረሳው። የትኛው ጆሮ?»

ቀረብ ብላ አየች። ነበር፤ ነጭ፣ ጥፍር የማያክል።

«ግራው ጋ ነው።»

በጣታቸው ዳሰሱት።

«ነግሮኝ አያውቅም» አሉ።

«አያናግሯትም ነበራ ታታ።»

«አዎ» አሉ። «አላናግረውም ነበር።» ከዚያ የአውቶቡሱን ሰዓት ጠየቋት፣ ነገረቻቸው፣ በዝናቡ ውስጥ ሄዱ። ልሸኝዎት አላለችም። ልቧ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ፊልሙ ከነድምፁ ሊደገም ተወሰነ። ኡናይሲ ሠርግ ስለነበረባት አልሄደችም። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ሎሳና ደወለች።

«አባትሽ እንደገና መጥተዋል! ፊት ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ድምፅዋን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እስኪያልቅ አላነሡትም። ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ» አለችና መቅረጿን ቀጠለች።

ኪኒ ስለሌለች ፀጉር ቤቱ ሊዘጋ ነበር። ሲሬሊ የቤቱን ባለቤት ራሳቸው ሄደው አነጋገሩና ቲቲሊያ እንድትሠራበት አስፈቀዱላት። በወሩም ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቲቲሊያ ፎጣውን አሰረችላቸው። እስካሁንም ስለ ኪኒ ሲያወሩ «እሱ» ነው የሚሉት፤ ሴቶቹ ያርሟቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ በማግስቱ ይረሱታል።

ይህን ሁሉ ለኡናይሲ የነገሯት ሌሎች ናቸው። ለሥራ ወደ ናውሶሪ ስትሄድ አውቶቡሱ በፀጉር ቤቱ ፊት ያልፋል። ቲቲሊያ በሩን ቢጫ ቀብታዋለች። ኡናይሲ በመስኮቱ ታየዋለች፤ አንድ ቀን እወርዳለሁ ትላለች። ካሜራዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ትይዝና ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ትወርዳለች።