የአጫራች ፈቃድ

የምሠራው ደብረ ታቦር፣ ንግድ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ውስጥ ነው። መመሪያችን ያለ ፈቃድ ማጫረት ክልክል ነው ይላል። ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ ላይ የአሮጌ ዕቃ ጨረታ ሲመሩ ያገኘኋቸውን የሠፈራችንን ሽማግሌ፣ መታወቂያዬን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በሰው ፊት አስቆምኳቸው። «መመሪያ ነው አባባ፤ ፈቃድ ያውጡ» አልኩ አፌን ሞልቼ። ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ የደብራችን ንግሥ ደረሰ። በስለት የገባ ጃንጥላ ለጨረታ ወጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ጨረታ የሚመሩት እኒያው ሽማግሌ ናቸው። ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ይከፍልና ዕቃውን ለደብሩ ይመልሳል፣ እንደገና ይጫረታል።

እሳቸው ግን ጃንጥላውን ይዘው በሰው መሀል ወደ እኔ መጡና አስጨበጡኝ። «እኔ ፈቃድ የለኝም። መመሪያውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱ ያጫርት» አሉ ሳይቆጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር!

ጃንጥላውን ዘረጋሁት። «ስንት አላችሁ?» አልኩ። ቅጥሩን የሞላው ሰው መሬት መሬቱን ያያል። አንድም ዋጋ የጠራ የለም።

በመጨረሻ ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ዋጋ ጠራ። እናቴ ናት። የሚበልጣት ስለጠፋ ጃንጥላውን ለእሷ ሰጠሁ፤ ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለች። ተገላገልኩ ብዬ ልሸሽ ስል፣ እንደ ልማዱ ጃንጥላውን መልሳ እጄ ላይ አኖረችውና «በል፣ እንደገና ጥራ» አለችኝ።