በኖራ የተገነባችው ክፍል

ወንድምየውን ደንበኞቹ «አይጣሌ» ይሉታል። ሌላው ሰው ቤት ሲያፈርስ ፍርስራሹን ለጭነት መኪና ሰጥቶ ይገላገላል፤ እሱ ግን አሮጌ በር ካየ ዓይኑ ይፈጥጣል፣ የዛገ ማጠፊያ ካየ ጎንበስ ብሎ ያነሣል። ከፈረሱ ቤቶች በለቀመው እንጨትና ጡብ አዳዲስ ቤት መሥራት ከጀመረ ወዲህ ስሙ ገኗል። ተፈጥሮን የማይጎዳ ቤት የሚሠራ ሰው ተብሎ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ እጁን እያወናጨፈ አወራ። አምሮበትም ነበር፤ መናገሩንስ ያውቅበታል።

ታላቅ እህቱን ግን ማንም አያውቃትም። እናታቸው የሞተች ጊዜ እሱ የወተት ጥርሱን እንኳ ያልነቀለ ልጅ ነበር። እሷ ትምህርቷን ትታ ሆቴል ቤት ልብስ አጣቢ ሆነች፤ የሰው አንሶላ እያጠበች አሳደገችው፣ የእንጨት ሥራም ከፍላ አስተማረችው። ላግባሽ ብሎ የመጣ ሰው ነበር። «ልጁንስ ምን ልታደርጊው ነው?» ብሎ ሲጠይቃት በሩን አሳየችው። ልጁ «እታለም» እያለ አደገ። ለዚያ ሁሉ ልፋት ያገኘችው ይህችን አንዲት ቃል ነው፤ ሞኝ ናትና በቃቻት።

አባታቸው በተወላቸው ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ነበር። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ በሲሚንቶ የተገነባ ነው። ጓሮ ያለችው አንድ ክፍል ግን አባትየው በጎረምሳነቱ፣ ጡቡን በኖራ እያያያዘ፣ በገዛ እጁ የሠራት ናት። ወንድምየው ሚስት ሲያገባ ትልቁን ቤት ለቃላቸው ወደ ጓሮዋ ክፍል የገባችው እህትየው ነች። ማንም ሳይጠይቃት።

አንድ ቀን ጠዋት መጥቶ ግድግዳዋን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«እታለም፣ ይቺ ክፍልሽ እኮ ወርቅ ናት» አላት።

«ምን አገኘህባት ደግሞ?»

«በሲሚንቶ የተገነባ ጡብ ሲፈርስ ይሰባበራል። በኖራ የተገነባው ግን እንዳለ ነው የሚላቀቀው። ትልቁን ቤት እንደ አዲስ ላድሰው ነው፤ ደንበኞቼ መጥተው የሚያዩት ቤት እንዲሆን። ጡቡን ከዚህ ነው የማገኘው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ነው የምሰጥሽ። እስከዚያ ግቢው ጥግ፣ እንጨቴን በምሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ትሆኛለሽ፣ ለትንሽ ጊዜ።»

አመነችው። ያሳደጉትን ልጅ አለማመን ከየት ይመጣል? ጣራው ሲነሣ ቆርቆሮውን እየተቀበለች ደረደረች፤ ቤቷን አብራ አፈረሰች ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርክሾፑ ውስጥ፣ በአሮጌ በሮች መሐል፣ ፍራሽ ዘርግታ መተኛት ጀመረች። ወርክሾፑ ራሱ የሚዘጋ በር አልነበረውም። ነፋሱም ድመቱም እንዳሻው ይገባል።

ጡብ ማጽዳት የእሷ ሥራ ሆነ። በትንሽ መዶሻ ጀርባ ኖራውን ቀስ አድርጋ ታረግፋለች፣ የቀረውን በአሮጌ ቢላ ትፍቃለች፣ ውኃ አርከፍክፋ በብሩሽ ትጠርግና ትደረድራለች። ኖራ ክፉ ነው፤ እጇን በላው። መዳፏ ተሰነጣጠቀ፣ ጣቶቿ አልጨበጥ አሉ። አንድ ቀን ወንድምየው አጠገቧ ሲያልፍ ቆም አለና «ቀስ በይ እንጂ እታለም፣ እንዳትጎጂው» አላት። ስለ እጇ መስሏት ልቧ ሞቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ያነሣው ጡቡን ነበር፤ ጫፉን አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው።

ቤቱ አማረ፣ አይካድም። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ግድግዳ በጭቃ ሲመርጉት የመጨረሻውን ማለስለስ እሷ በተሰነጣጠቀው መዳፏ ሠራችው። አልጋዬ እዚህ፣ ሣጥኔ እዚያ እያለች በልቧ ዕቃዋን ስታዘዋውር ዋለች። ከአሮጌ የጣራ ወራጅ የተሠራ አልጋ ገብቶ ሲነጠፍ፣ ጊዜም አልፈጀች፣ ጓዟን ጠቅልላ አምጥታ አልጋው ላይ አኖረችው።

«ኧረ ምነው!» አለች የወንድሟ ሚስት፣ ጥቅሉን በሁለት ጣቷ አንሥታ። «ይሄ እኮ ናሙና ነው። ለደንበኛ የሚታይ ነው።»

እህትየው ወንድሟን አየችው። እሱ ለስለስ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «እታለም ሙች፣ ክፍሉ የሰው ጠረን ከያዘ ማን ሥራ ይሰጠኛል? አንቺ እንደሆነ ወርክሾፑን ለምደሽዋል።»

ጥቅሏን አቅፋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ አልፈታችውም። ማንም የማይተኛበትን አልጋ ግን ጠዋት ጠዋት አቧራውን እያራገፈች ማንጠፍ አልተወችም።

አንድ ቀን ባልና ሚስት መጡ። ቤታቸውን በዚሁ ዓይነት ሊያሠሩ የሚፈልጉ፣ ገርና ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሴትየዋ የጡቡን ግድግዳ እየዳሰሰች «ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ማን አጸዳው?» ብላ ጠየቀች። እህትየው ውኃ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«እሷ ናት» አለ ወንድምየው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ሠራተኛችን።»

እህትየው ትሪውን ለእንግዶቹ ዘረጋች። የወንድሟ ሚስት መስኮት መስኮቱን አየች።

«እጅሽ ይባረክ» አለቻት እንግዳይቱ፤ እጇን ስታየው ደግሞ ደነገጠች። «እኛም ቤት ብዙ ጡብ አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከየት ይገኛል?»

«ከፈለጋችሁ ውሰዷት» አለ ወንድምየው። «እዚህ ሥራው አልቋል።»

እየቀለደ ነበር ለማለት የሚፈልግ ይኖር ይሆናል። አልቀለደም። ጥሩ ሥራ ለመያዝ ያለውን ነበር የሚሰጠው፤ ቀድሞ ወደ እጁ የመጣችለት እሷ ሆነች።

እህትየው ትሪውን አስቀመጠችና እንግዳይቱን «የማድርበት ክፍል አላችሁ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አለን። ጠበብ ያለች ናት እንጂ።»

«በር አላት? የሚዘጋ?»

«አላት እንጂ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«እንግዲያው ልምጣ። ጓዜ የታሰረ ነው።»

ወንድምየው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። በእንግዶቹ ፊት ምን ይበል? እህቴ ናት ቢል ይዋረዳል፣ ሥራውም ያመልጠዋል።  እሷ ጥቅሏን ከወርክሾፑ አምጥታ የእንግዶቹ መኪና ውስጥ ስትገባ ግን ተከትሏት ወጣ፤ በመስኮቱ አጎንብሶ «በኋላ እንነጋገራለን» አለ በሹክሹክታ።

«በምን ጉዳይ፣ ጌታዬ?» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ።

መኪናው ተነሣ። ያን ጊዜ ነው የባነነው። «እታለም!» ብሎ ተጣራ፤ ደገመና ከኋላ ሮጠ፤ ልጅ ሳለ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እያለቀሰ ይከተላት እንደነበረው። እህትየው ጥቅሏን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ማንን ነው የሚጣራው?» አለች እንግዳይቱ ወደ ኋላ ዞራ እያየች።

«እህት ነበረችው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ሞታበታለች።»